ፊልሙ ሐረር ላይ ቢመረቅ

ሐረር ውስጥ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነሥቶ፣ የልብስ ሰፊዎቹ ማሽን ስሙን ባወጣለት በመኪና ግርግር በኩል በግንብ ወደታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ወደ ጀጎል፣ ውስጥ የሚዘልቅ እንግዳ «ራምቦ? ራምቦ ቤት?» የሚሉ ልጆች ሳይቀድሙት መድረሱን እጠራጠራለሁ። በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራው ይህ ቤት ያምራል፤ በእንጨት የተሠራው ከፍ ያለ ፊቱና ባለቀለም መስታወቶቹ ዙሪያውን ካሉት የሐረሪ ቤቶች ለይተው ያሳዩታል። አንድ ከሰዓት በኋላ እዚያ ቆሜ ሳለ ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣት ባልና ሚስት አስጎብኚውን «ግጥሞቹን የጻፈው የትኛው ክፍል ውስጥ ነው?» ብለው ጠየቁት። ሰውዬው ጥያቄውን ስንት ጊዜ እንደሰማው ከፊቱ ይነበብ ነበር። «እዚህስ ግጥም አልጻፈም፤ ቡና ነው የነገደው» አላቸው፤ ትንሽ ቆይቶም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቤቱን ያሠራው ራምቦ ከሞተ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ መሆኑን ጨመረላቸው።

ባልና ሚስቱን የምወቅስበት ምክንያት የለኝም። አብዛኛው ሰው ያላነበበውን ደራሲ የሚያውቀው በፊልም ነው፣ ፊልም ደግሞ ገጣሚ በተነሣ ቁጥር ጠረጴዛ፣ ሻማና የተጨማደደ ወረቀት ማቅረብ ይወዳል። በታዋቂ ደራስያን ሕይወት ላይ የተመሠረቱ ድራማዎች በየጊዜው በቀይ ምንጣፍ ይመረቃሉ፤ በእኛም ዘንድ የአንድ ደራሲ መታሰቢያ በደረሰ ቁጥር «ለምን ፊልም አይሠራለትም?» የሚል ቁጭት መስማት የተለመደ ሆኗል። ቁጭቱን እጋራለሁ፤ ሆኖም ከእሱ በፊት መነሣት የሚገባው ጥያቄ ፊልሙ የሚመረቀው ማን ፊት ነው የሚለው ይመስለኛል። ጸሐፊው ገና የመጀመሪያውን ትዕይንት ሲነድፍ በዓይነ ኅሊናው የሚያየው አንድ አዳራሽ አለ። በዚያ አዳራሽ የተቀመጠው ሰው የሚያውቀውን ነገር በጥንቃቄ ይሠራል፣ የማያውቀውን ግን እንደተመቸው ያልፈዋል። ምረቃ ከምርቃት ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል መሆኑ እዚህ ላይ ያግዘኛል፤ ሽማግሌ የሚመርቀው ያየውንና ያወቀውን ነው።

ለዚህ ከራምቦ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1854 በሰሜን ፈረንሳይ ሻርለቪል የተወለደው ይህ ሰው ስሙን ያስጠሩለትን ግጥሞች ጽፎ የጨረሰው ሃያዎቹን ሲጀምር ነው። ከዚያ በኋላ ብዕሩን ጥሎ እስከ ጃቫና ቆጵሮስ ከተንከራተተ በኋላ በ1880 የመን ውስጥ ወደምትገኘው የወደብ ከተማ ኤደን ደረሰ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ባርዴ የተባለው የንግድ ቤት ወኪል ሆኖ ከባሕር ዳርቻዋ የሶማሌ ወደብ ከዘይላ በግመል ሐረር ገባ። እየሄደና እየተመለሰ እስከ 1891 ድረስ ኑሮው ይኸው አካባቢ ነበር፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይም በ37 ዓመቱ ማርሴይ ውስጥ ሞተ። ስለዚህ በግጥም ያሳለፈው አምስት ዓመት ያህል ሲሆን በኤደን፣ በሐረርና በሸዋ መካከል በንግድ ያሳለፈው ዐሥራ አንድ ዓመት ገደማ ነው። (በአማርኛ ሲጻፍ ከአሜሪካኑ ጡንቸኛ ተዋጊ ስም ጋር አንድ መሆኑ የጀጎልን ልጆች የሚያስቅ የቆየ ቀልድ ነው።)

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው፣ አኒዬሽካ ሆላንድ ያዘጋጀችውና ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ራምቦን ሆኖ የተጫወተበት ፊልም ግን ክብደቱን የጣለው ከገጣሚው ቬርሌን ጋር በነበረው ግንኙነት ላይ ነው። አፍሪካ የምትመጣው ወደ መጨረሻው ላይ ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ያም ክፍል የተቀረጸው ጅቡቲ ውስጥ ነው። ይህን ፊልም ድሬዳዋ ከዚራ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ከቤት በሚያስቀምጥበት ሰዓት፣ ከጓደኞቼ ጋር በላፕቶፕ አይተነዋል። ጀጎል ተወልዶ ያደገ አንዱ ጓደኛችን እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ሲከታተል ቆይቶ፣ ደረቁ ምድር ብቅ ሲል «አቦ! ይሄ ሐረር ነው? ይሄማ ደወሌ ነው!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ድሬ ለኖረ ሰው ቀልዱ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ደወሌ በጅቡቲ ጠረፍ ያለች፣ በሙቀቷ የምትታወቅ የድንበር ከተማ ናት።

ከሳቁ በስተጀርባ ያለው ነገር ግን ከመልክዓ ምድር ስሕተት የሚያልፍ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ በሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ሰው ሹራብ የሚያስፈልገው አገር ውስጥ ይገባል። ራምቦ ሐረር የመጣው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ሊገዛ ነው፣ ቡና ደግሞ በረሓ ላይ አይበቅልም። ሐረርን በረሓ ያደረገ ፊልም ሰውዬው የመጣበትን ምክንያት አብሮ ያጠፋዋል፤ ምክንያቱ ሲጠፋ የሚቀረው ምንም ወደሌለበት ባዶ ቦታ የሸሸ፣ ራሱን የሚቀጣ እብድ ገጣሚ ነው። ይህ ደግሞ ፓሪስ ላይ ለተቀመጠ ተመልካች የሚስማማ መደምደሚያ ነው። ለሐረር ተመልካች ግን አይስማማም፤ ሐረር በዚያን ጊዜ ከዘይላ እስከ ሸዋ የሚዘረጋ የንግድ መስመር አንጓ እንደነበረች፣ እዚያ የመጣ ነጋዴም ትርፍ ሊያይ እንደመጣ ያውቃል።

ሐረር ላይ የሚቀመጠው ተመልካች የሚያውቀው ሌላም ነገር አለ። ራምቦ በገባ ጊዜ ከተማይቱ ከ1875 ጀምሮ በግብፅ ጦር ሥር ነበረች። ግብፆች በ1885 ለቀው ወጡ፣ አሚር አብዱላሂም ገዛ፤ እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርጎ ሐረርን ያዘና አስተዳደሩ ለራስ መኰንን ተሰጠ። በአንድ ሰው ቆይታ ውስጥ ሦስት አገዛዝ መፈራረቁ ለድራማ የተገኘ ሲሳይ ነው፣ አደጋም አለው። በዚያው ሰሞን ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ ከ2,000 የሚበልጥ ጠመንጃ ለምኒልክ ይዞ በአፋር ምድር በኩል እየተጓዘ ነበር። የሽጉጡ ጭስ የሚጥመው ጸሐፊ ሁለቱን ክስተቶች አገናኝቶ ጠመንጃዎቹን ጨለንቆ ላይ ያስተኩሳቸዋል ብዬ እፈራለሁ። ሐቁ ግን ካራቫኑ አንኮበር የደረሰው ከጦርነቱ በኋላ በየካቲት 1887 መሆኑ ነው፤ ራምቦም በዋጋ ክርክር ያሰበውን ሳያገኝ ሐረር ተመለሰ። ጨለንቆ ላይ ዘመዱ የወደቀበት ቤተሰብና አያቱ ከሸዋ ጦር ጋር የመጣ ቤተሰብ በሐረር አንድ አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እንዲህ ያለ ተመልካች ፊት ወርና ዓመት ማዛባት ቀላል አይደለም።

ቋንቋው ከዚህም ይከብዳል። በገበያው ውስጥ የከተማው ሰው በሐረሪ ይነጋገራል፣ ቡናውን ከዙሪያው ገጠር የሚያመጣው ገበሬ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፣ የግመል ጭነቱ ያለ ሶማልኛ ወደ ዘይላ አይወርድም፣ በንግድ ደብዳቤና በሃይማኖት ዐረብኛ አለ፣ ከ1887 ወዲህ ደግሞ የአዲሱ አስተዳደር አማርኛ ይጨመራል። ራምቦ ይህ ሁሉ ገብቶት ነበር። በ1885 ከኤደን ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ የዳባዲን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ገዝተው እንዲልኩለት ጠይቋል። ለእኔ ይህ ከየትኛውም የሻማ ትዕይንት የሚበልጥ የፊልም መነሻ ነው፤ ፈረንሳይኛን እንደ ሰም ሲያቀልጥ የኖረ ልጅ «ስንት ነው?» ማለትን ከፊደል ገበታ ሲጀምር ማየት የሚያጓጓ ነገር ነው። በተለመደው አሠራር ግን ተዋናዩ ፈረንሳይኛ ወይም እንግሊዝኛ ይናገራል፣ ተሸካሚውና አሽከሩ ዝም ይላሉ። ጃሚ የተባለው ሐረር ያገለገለው ወጣት በሟቹ ልብ ውስጥ የነበረው ቦታ በኑዛዜ ከተተወለት 3,000 ፍራንክ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ ሳይናገር ፈረስ ይዞ የሚቆምበት ፊልም ሐረር ላይ ቢታይ፣ ከኋላ መደዳ «እሱስ ምን አለ?» የሚል ድምፅ መነሣቱ አይቀርም።

ፊልም የታሪክ መማሪያ አይደለም፣ አዘጋጁም ነፃነት ሊኖረው ይገባል የሚል መልስ እንደሚቀርብልኝ አውቃለሁ። እስማማለሁ። ሁለት ሰዎችን አንድ ማድረግ፣ ሦስት ዓመትን በአንድ ሌሊት ማሳጠር፣ ያልተነገረ ቃል በባለታሪኩ አፍ ማስገባት የሙያው ልማድ ነው፤ ያለ እነሱ የማንም ሕይወት በሁለት ሰዓት አይገባም። የምለየው አውቆ የተለወጠን ነገር ሳያውቁ ከተሳሳቱት ነው። አውቆ የለወጠ አዘጋጅ ለምን እንደለወጠ ሊያስረዳ ይችላል፣ የለወጠውም ነገር ለታሪኩ አንዳች ይጨምራል። ሳያውቅ የተሳሳተው ግን የጨመረው የለም፤ ያገኘውንም ጥሏል።

ከተጣሉት ነገሮች አንዱ ከድሬዳዋ ጋር የሚያያዝ በመሆኑ ትንሽ ልቆይበት። በ1891 መጀመሪያ ራምቦ ቀኝ ጉልበቱን አሞት መራመድ ተሳነው። የቃሬዛውን ንድፍ ራሱ አወጣ፣ ዐሥራ ስድስት ተሸካሚ ቀጠረ፣ ሚያዝያ 7 ቀን ንጋት ላይም ከሐረር ወጣ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዘይላ እስኪቃረብ ድረስ በየቀኑ ከየት በስንት ሰዓት እንደተነሡ፣ የት በስንት ሰዓት እንዳረፉ በአጭር በአጭሩ ይመዘግብ ነበር። መንገዱ ቁልቁል ወርዶ በጌልዴሳ በኩል ያልፋል፤ ድሬዳዋ ገና አልተቆረቆረችም፣ የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ ደርሶ ከተማዋ የተወለደችው ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ በ1902 ነው። በጉዞው ላይ ዝናብ ያዛቸው፣ ድንኳኑን የጫኑት ግመሎችም ወደ ኋላ ቀሩ፤ በሽተኛው ዐሥራ ስድስት ሰዓት ያለ መጠለያ፣ መንቀሳቀስ ሳይችል ዝናብ ሲወርድበት ቆየ። እግሩ ግንቦት 27 ማርሴይ ላይ ተቆረጠ። እነዚያ የሰዓት ማስታወሻዎች ግጥም አይደሉም፣ ራምቦም ግጥም ብሎ አላሰባቸውም። ነገር ግን የደራሲን ሕይወት በፊልም የማሳየት ትልቁ ችግር መጻፍ በዓይን የማይታይ ሥራ መሆኑ ከሆነ፣ በቃሬዛ ላይ ተጋድሞ በሕመም መካከል «ሦስት ሰዓት ተኩል ደረስን» እያለ የሚጽፍ ሰው ችግሩን በአንድ ትዕይንት ይፈታዋል። ቁልቁለቱን የሚያውቅ፣ ዛሬም በሚኒባስ የሚወርደው ሰው ከወንበሩ ሳይነቃነቅ ያየዋል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ እንግዳ ደራሲ ነው። የራሳችን ሰው ጉዳይ ላይ ስንደርስ አዳራሹ አዲስ አበባ ይሆናል እንጂ ችግሩ አይለወጥም። በዚህ አካባቢ የሕይወቱን መጀመሪያና መጨረሻ የተወ አንድ ደራሲ አለ፤ በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም። ስሙ በተነሣበት ሁሉ የሚጠቀሰው በአማርኛ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው የአውሬዎች ኮሜዲያ ደራሲ መሆኑ ነው፤ በእንስሳት አስመስሎ የዘመኑን አስተዳደር የነካበት ያ ተውኔት መኳንንቱ ፊት ቀርቦ ቁጣ ቀሰቀሰ፣ ታገደም። ሁለተኛው የሚጠቀስለት የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂነቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለመመረቅ የሚጻፍ ፊልም ተውኔቱ በቀረበባት ምሽት እንደሚጀምር ከወዲሁ መገመት ይቻላል፤ መኳንንት በወንበራቸው ላይ ሲቁነጠነጡ፣ መጋረጃ ሲዘጋ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ሲመለስ።

ከሐረር ሲታይ ግን ታሪኩ የሚጀምረው በራስ መኰንን ግቢ ውስጥ ባደገ ልጅ ነው። ያ ልጅ በ11 ዓመቱ ገደማ ከራስ መኰንን ጦር ጋር ወደ አድዋ ዘመተ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሩስያ ተወስዶ በዚያ አደገ፤ በፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተምሮ መኰንን ሆነ፣ ሲመለስም አማርኛው ሳይቀር ተለውጦበት ነበር። ቆይቶ የጨርጨር ገዥ ሆኖ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮ፣ ቆረቆረ። እ.ኤ.አ. በ1935 በጄኔቭ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት የኢትዮጵያን ክርክር አቀረበ፤ ከወረራው በኋላ በጅቡቲና በኤደን በኩል እስከ ማዳጋስካር ተሰደደ፣ የመጨረሻ ዘመኑን ግን ሂርና ላይ እያረሰ አሳለፈ፤ በ1969 ዓ.ም. ሞተ። ግለ ታሪኩን ጽፎ ትቶ ነበርና በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ። ባለታሪኩ ራሱ በዝርዝር የጻፈው ሕይወት በእጅ እያለ ፊልም ጸሐፊዎቻችን ሌላ ቦታ ሲፈልጉ መዋላቸው ይገርመኛል። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬ የሚመጣ አውቶቡስ ሂርና ላይ ለምሳ ሲቆም፣ ተሳፋሪው ጥብሱን አዝዞ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርግበት ቦታ ሲጠይቅ፣ ተክለሐዋርያት በበሬ ኋላ የሄደበት መሬት ከዚያ ሩቅ አይደለም። ጄኔቭ የቆመ ሰው ለምን ወደ ማረሻ ተመለሰ የሚለውን ጥያቄ የሚያነሣው ፊልም ሂርናን እንደ መጨረሻ ምስል ሳይሆን እንደ ዋና መቼት የሚያይ ብቻ ነው።

የሕጉ ጉዳይ ብዙ አያቆየኝም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ከግለ ታሪክ ትዕይንት የሚቀዳ ሰው ስለዚህ ባለመብቶቹን ቀድሞ ማነጋገር አለበት። ከሕጉ ይልቅ የሚከብደው ይሉኝታ ነው። ቤተሰብ ያባቱን ጉድለት በስክሪን ማየት አይወድም፣ አዘጋጅም የቤተሰቡን ምርቃት ሳያገኝ ምረቃ ላይ መቆም ያፍራል፣ በዚህ መካከል ባለታሪኩ ሐውልት ይሆናል። አንድ ወዳጄ ከዓመታት በፊት ስለ አንድ ደራሲ የጻፈውን የፊልም ጽሑፍ ለስፖንሰር ሲያቀርብ «መጠጡን ቀንስለት» ተብሎ ቀነሰ፣ «እስሩንም» ተባለ፣ ቀነሰ፤ በመጨረሻ የቀረው ሰው ቢሮ ገብቶ የሚወጣ ትሑት ሠራተኛ ነበር። ፊልሙም አልተሠራም።

ገንዘብ የሚበላው የዘመኑ አልባሳትና መቼት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ እዚህ ግን ይህ አካባቢ ያለውን ሀብት የቆጠረለት ሰው ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል ከነበሮቹና ከነመስጊዶቹ ቆሟል፤ የገይ ጋር፣ የባህላዊው የሐረሪ ቤት፣ ነደባዎች (ከፍ ያሉ የመቀመጫ መደቦች) አሁንም ሰው ይቀመጥባቸዋል፤ የድሬዳዋ አሮጌ ባቡር ጣቢያና የጥገና ዎርክሾፑ ከዚራ ላይ ከነቁሳቁሳቸው አሉ። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሺር ስለ ጫት የሠራችው ዘጋቢ ፊልም በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ፣ በጥቁርና ነጭ ምስል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ቀርቧል። ያ ሥራ አካባቢውን የሚያውቅ ዓይን ምን ሊያይ እንደሚችል አሳይቷል፤ ምረቃው ግን እዚያ ማዶ ነበር። እኛም ዘንድ ቢሆን አዲስ አበባ ተመርቆ፣ ተጨብጭቦለት፣ ተቺዎቹ ከጻፉለት በኋላ ወራት ቆይቶ «ለክፍለ ሀገር» የሚላክ ፊልም ለማስተካከያ ጊዜው አልፎበት ነው የሚደርሰን።

ስለዚህ የምለው ቀይ ምንጣፉ ወደ ፈረስ መጋላ ይዛወር አይደለም፤ አዳራሹም መብራቱም ጄኔሬተሩም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ረቂቁ ግን ካሜራ ከመነሣቱ በፊት አንድ ገይ ጋር ውስጥ፣ ሐረሪውም ኦሮሞውም አማራውም ሶማሌውም ባለበት ሊነበብ ይችላል፤ ወጪው ቡናና ቆሎ ነው። እንዲህ ያለ ንባብ ላይ ምን እንደሚጠየቅ ለመገመት አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። በግንቦት 1883 ራምቦ ከሐረር ለእናቱና ለእኅቱ ራሱን ያነሣቸውን ሦስት ፎቶግራፎች ላከ፤ በአንደኛው በቤቱ ሰገነት ላይ፣ በሁለተኛው በቡና አትክልት ውስጥ፣ በሦስተኛው እጁን አጣምሮ በሙዝ መካከል ቆሟል። ለማጠብ የተጠቀመበት ውኃ መጥፎ ስለነበር ሁሉም እንደነጡበትም በደብዳቤው አማርሯል፤ እውነትም ፊቱ በግድ ነው የሚለየው። ረቂቁ በሚነበብበት ገይ ጋር ውስጥ አንድ ሽማግሌ የቡናውን ፎቶ ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርገው፣ የሰውዬውን ፊት ትተው፣ ከኋላው ያለውን ቡና እያዩ «ይሄ አትክልት የማን ነበር?» ብለው የሚጠይቁ ይመስለኛል።